ቅዳሜ ለተራራው፣ እሑድ ለሚጣ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የበርተድን ነገር ላውጋችሁ።

ከዴንቨር ወደ ምዕራብ ሲኬድ፣ ሀይዌይ 40 እየተጠማዘዘ የሮኪ ተራሮችን የሚሻገርበት በርተድ የሚባል በር አለ። ጣርማበርን በአውቶቡስ ያለፈ ሰው የምን ዓይነት ቦታ እንደማወራ ወዲያው ይገባዋል፤ በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው ወገን ጉም፣ መሐሉ ላይ ነፋስ። ከፍታው 3,446 ሜትር ነው። በምሥራቅ በኩል የቀለጠው በረዶ ዞሮ ዞሮ ወደ አትላንቲክ ወገን ይሄዳል፤ በምዕራብ በኩል የቀለጠው ወደ ኮሎራዶ ወንዝ ይወርዳል።

እዚህ በር ላይ እ.ኤ.አ. በ1937 የስኪ መጫወቻ ተከፍቶ ነበር። በ2001 ተዘጋ፤ ሰውን ወደ ላይ የሚያወጡት ባለ ኬብል ወንበሮችም ተነቃቅለው ሄዱ። ዛሬ በርተድ ላይ ስኪ የሚወድ ሰው ዳገቱን በገዛ እግሩ ወጥቶ በገዛ ስኪው ይወርዳል። ቲኬት የለም፣ ወረፋ የለም፣ ቁልቁለቱን መርምሮ "ደህና ነው፣ ግቡ" የሚል ዘበኛ የለም። መርማሪዎቹ እናንተው ናችሁ።

ዳገት በስኪ እንዴት ይወጣል ትሉኝ ይሆናል። ስኪው ሥር ቆዳ ይለጠፋል። ጥንት የሰሜን ሰዎች የባሕር እንስሳ ቁርበት ያስሩ ነበር፤ ዛሬ ከአንጎራ ፍየል ጠጉር ወይም ከናይለን ይሠራል። ጠጉሩ ወደ ኋላ የተኛ ነው። ወደ ፊት ሲገፋ ይንሸራተታል፤ ወደ ኋላ ልመለስ ሲል በረዶውን ቆንጥጦ ይይዛል። የጫማው ተረከዝ ከስኪው ስለሚላቀቅ ደግሞ እንደ መራመድ ነው። ጫፍ ሲደረስ ቆዳው ይላጣል፣ ተረከዙ ይቆለፋል፣ ከዚያ ቁልቁል።

እኔ የሚጣ እናት ነኝ። ደባርቅ ተወልጄ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ የምኖር ሴት ነኝ። ሚጣ ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ቀርተዋታል፤ ወፌ ቆመች እያልን ያስቆምናት ልጅ አሁን ሮጣ ታመልጠናለች። ለማኅበር በተሰበሰብንበት አንድ ቀን፣ በጣም የማከብራቸው እናት ወደ ጎን ጠርተው፣ "ልጄ፣ የልጅ እናት ሆነሽ ተራራ ለተራራ መሄድሽ ምን ይሉታል?" አሉኝ። ሌላዋ ቀበል አድርጋ፣ "ሐበሻና በረዶ ደግሞ ምን አገናኛቸው!" አለች። ለሁለተኛዋ መልስ ነበረኝ። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ ላይ፣ በ2010 ቫንኩቨር ላይ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ በክረምት ኦሊምፒክ በአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሯል፤ ያገናኛቸው እሱ ነው። የእናታችን ጥያቄ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚመለስ አይደለም። ከፍቅር የመጣ ጥያቄ ስለሆነም በደንብ መመለስ አለበት። ያለፈውን ቅዳሜና እሑድ ከነዝርዝሩ የማወራችሁ ለዚህ ነው።

ዓርብ ከሥራ እንደወጣን አምስታችን፣ ማለት እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሚጣ፣ እማዬ እና የእማዬ ጀበና፣ በአንድ መኪና ተጭነን በሩን ተሻገርን። ወዲያ ማዶ ፍሬዘር የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ብርዷ የታወቀ ነው። ከፍታዋ 2,600 ሜትር ግድም ስለሆነ እማዬ ገና ከመኪና ስትወርድ አየሩን ስባ፣ "ይሄማ የእኛው አየር ነው" አለች። እውነቷን ነው። ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ተቀምጣ "የከፍታ ከተማ" ትባላለች እንጂ አዲስ አበባም ደባርቅም ከእሷ በላይ ናቸው። ፍሬዘር ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ ወደ 91 ዲግሪ ገደማ ነው። ጀበናው ቶሎ ገነፈለ፤ እማዬ ግን ልማዷ ነውና አልደነገጠችም።

የዚህ ቅዳሜና እሑድ ዋናው ሥራ የተሠራው እዚያ ተራራው ላይ አይደለም፤ እዚህ የኪራይ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ፣ ቡናው እየተቀዳ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ቆየት ልበል።

ኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከል አላት። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረ ሲሆን በብርድ ወራት በየቀኑ ለየተራራው ትንበያ ያወጣል። አደጋውን በአምስት ደረጃ ይከፍለዋል፤ አንድ ዝቅተኛ፣ አምስት እጅግ የከፋ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚሞተው አራትና አምስት ላይ ይመስለዋል። አይደለም። አራትና አምስት ሲሆን ሰው ይፈራና ቤቱ ይውላል። ሦስት ላይ ነው "እስቲ ልሞክረው" የሚባለው፤ ሦስት ላይ ነው ብዙ ቤት የሚያዝነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወደ 2021 በተሻገረው የብርድ ወቅት ኮሎራዶ ውስጥ ብቻ 12 ሰዎች በናዳ ሞተዋል።

ትንበያውን ለእማዬ በአማርኛ አነበብኩላት። ከዛፍ መስመር በላይ ሦስት፣ ከዚያ በታች ሁለት። ችግሩ ምን እንደሆነም አስረዳኋት። በጥቅምትና በኅዳር ስስ በረዶ ይወርዳል፤ ከዚያ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ይበርዳል። የመሬቱ ሙቀት ከታች፣ የሌሊቱ ብርድ ከላይ ሲጎትቱት ከበረዶው ውስጥ እንፋሎት ወደ ላይ ይጓዛል፤ በዚያ ጉዞ የበረዶው ቅንጣት ይለወጥና ሻካራ፣ እርስ በርሱ የማይያያዝ ልቅ ነገር ይሆናል። በኋላ ወጀብ መጥቶ ከበድ ያለውን በረዶ ከላይ ይጭንበታል፤ ነፋስም ይጠቀጥቀዋል። ላዩ ጠንካራ፣ ታቹ የላላ። እማዬ ጥቂት አሰበችና፣ "ጤፍ ላይ የተጋደመ ሳንቃ በይኛ" አለች። ስለ ናዳ ብዙ ትምህርት ወስጃለሁ፤ ከዚህ የጠራ ማብራሪያ አልሰማሁም። ሳንቃው ዘንበል ብሎ እስከተቀመጠ ድረስ አንድ ሰው ሲረግጠው ጤፉ ይንሸራተትና ሁሉም አብሮ ይወርዳል።

ከዚያ ጥያቄዋ ጀመረ። እማዬ የስሜን ሴት ናት፤ ገደል አጠገብ ያደገች።

"ሰሞኑን ነፋሱ ከየት ነፈሰ?"

"ከምዕራብ።"

"እንግዲያው የተሸከመውን የጣለው በምሥራቁ ወገን ነዋ።"

ልክ ናት። ነፋስ በረዶውን ከአንዱ ፊት ጠርጎ በሌላው ጀርባ ይከምረዋል፤ አደጋ የሚበዛውም በዚያ ክምር ላይ ነው።

"የምትወርጂበት ቁልቁለት ምን ያህል ነው?"

እዚህ ላይ ካርታውን ዘረጋሁላት። አብዛኛው ናዳ የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባዘነበለ ፊት ላይ ነው። ከ30 በታች ያለው ብዙ ጊዜ አይነሣም። ዛሬ ቁልቁለቱ በቀለም የተለየ ካርታ ስልክ ላይ ይገኛል። በርተድ ላይ የተዘጋው መጫወቻ የቆዩ መንገዶች በጥዱ መካከል ተጠርገው ቀርተዋል፤ ለዘብ ያሉትን መረጥኩ። እማዬ በጣቷ ተከተለችና ካርታው ላይ ወደ ላይ ወጣ አለች። "አንቺ የቆምሽበትስ ለጥ ያለ ይሁን፤ ከአናትሽ በላይ ያለውስ?" ይህን ጥያቄ ብዙ ጎልማሳ የስኪ ሰው አይጠይቀውም። ናዳ ከላይ ተነሥቶ ሜዳ ላይ የቆመውን ሊቀብረው ይችላል። እዚያው በር አጠገብ ስታንሊ የሚባል የናዳ መንገድ አለ፤ ከላይ ተነሥቶ አውራ ጎዳናውን ሳይቀር ያቋርጣል። የመንገድ ባለሥልጣኑ መንገዱን ዘግቶ ሆን ብሎ በፍንዳታ ያወርደዋል። እኔ ከመረጥኩት መንገድ አናት ላይ ጥድ እንጂ ክምር አልነበረም። በጣቷ እስክታረጋግጥ ድረስ ካርታውን አልለቀቀችም።

"ከማን ጋር ነው የምትሄጂው?"

"ከጓደኛዬ ጋር፤ የምታውቂያት፣ ሆስፒታል አብራኝ የምትሠራው።"

"እሷ ብትቀበር ማውጣት ትችያለሽ? አንቺ ብትቀበሪ ማውጣት ትችላለች?"

ናዳ የቀበረው ሰው በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ውስጥ ከወጣ የመትረፍ ዕድሉ ትልቅ ነው። ከዚያ ወዲያ በፍጥነት ያሽቆለቁላል። ሄሊኮፕተር ተጠርቶ አይደርስም፤ የሚያወጣው አብሮ የሄደው ሰው ነው። ስለዚህ ሁላችንም ደረታችን ላይ በ457 ኪሎኸርትዝ ምልክት የሚልክና የሚቀበል መሣሪያ እንታጠቃለን፤ ቦርሳችን ውስጥ በረዶውን ወግተን ሰው የምንፈልግበት ተጣጣፊ ዘንግና አካፋ አለ። እኔና ጓደኛዬ ወቅቱ ሳይጀምር መናፈሻ ውስጥ መሣሪያውን ቀብረን በሰዓት እየተፈላለግን እንለማመዳለን። ይህንን ለእማዬ ነገርኳት። አንገቷን ነቀነቀችና ወረቀት አምጪ አለችኝ። "የምትመለሺበትን ሰዓት ጻፊ።" ከቀኑ 8 ሰዓት ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ደግሞ በ10 ሰዓት ካልመጣሁ የሚደወልበትን ቁጥር። ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈችው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሚጣ መሬት ላይ ተቀምጣ የስኪዬን ቆዳ ትዳብስ ነበር። በአንድ በኩል ሲዳበስ ይለሰልሳል፤ በሌላው በኩል እጇን ይይዛታል። ሲለሰልስ ትስቃለች፣ ሲይዛት ትገረማለች፤ እንደገና ትጀምራለች።

ቅዳሜ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ወጣሁ። ቡናው ቴርሞስ ውስጥ፣ ባለቤቴና ሚጣ እንቅልፍ ላይ፣ እማዬ ጸሎት ላይ። በርተድ በር ላይ ጓደኛዬ ቀድማኝ ደርሳለች። መጀመሪያ የምልክት መሣሪያችንን ፈተሽን፤ አንዷ ትራመዳለች፣ ሌላዋ መስማቷን ታረጋግጣለች። ይህ ሳይሆን ማንም አይንቀሳቀስም።

ዳገቱን መውጣት ዝግ ያለ ሥራ ነው። ስኪው ሸርተት፣ ሸርተት ይላል፤ ትንፋሽ ይከተላል፤ ከጥዱ ላይ የተጫነ በረዶ አንዳንዴ በለሆሳስ ይፈርሳል። ከወለድኩ በኋላ ሰውነቴ የራሴ መሆኑን የረሳሁባቸው ወራት ነበሩ፤ የሚጣ ምግብ፣ የሚጣ አልጋ፣ የሚጣ መሸከሚያ ነበርኩ። በፍቅር ነው የሆንኩት፤ አሁንም ነኝ። ግን ዳገት ላይ፣ ልቤ ደረቴን ሲመታ፣ ጭኔ ሲግል፣ "ይሄ የኔ ጉልበት ነው" የምልበት ሰዓት ያስፈልገኛል። ይህንን ለማኅበር እናቴም በግልጽ እላቸዋለሁ። ደስታዬን ተራራ ላይ የማገኝ ሰው ነኝ፤ ልጄም እንዲህ ያለች እናት እንዳለቻት እንድታውቅ እፈልጋለሁ።

ወደ ላይ ግማሽ መንገድ ላይ፣ ለጥ ያለ ገላጣ ቦታ ስናቋርጥ፣ ከእግራችን ሥር "ዉፍ" አለ። የሰማው ሰው አይረሳውም። ታች ያለው ልቅ ሽፋን ተደርምሶ፣ ላይ ያለው ጠቅላላው አንድ ጊዜ ቁጭ ሲል የሚወጣ ድምፅ ነው። ሜዳ ላይ ስለሆንን የሚንሸራተትበት አልነበረውም። ተራራው ግን ተናገረ። ከላይ፣ ከለዘብተኛው መንገድ ቀጥሎ፣ ትንሽ ጠንከር ያለ ፊት በአማራጭ ይዘን ነበር፤ ወደ 32 ዲግሪ የሚጠጋ። ሁለታችንም ተያየን። ጓደኛዬ፣ "አለቀ፣ እሱ ዛሬ የለም" አለች። ክርክር አልነበረም። አብሮ ለመሄድ ሰው ሲመረጥ ጡንቻውን ሳይሆን ይህን ማየት ነው፤ አልሄድም ሲባል የማያኮርፍ ሰው።

ለዘብተኛውን ወረድን። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ሌሊቱን የወረደው በረዶ እስከ ጉልበት ይደርሳል፤ ደረቅ፣ ቀላል። ስኪው ሲጠመዘዝ ድምፅ የለውም፤ በረዶው እስከ ወገብ ተነሥቶ ፊት ላይ ይበተናል። ጥድ በቀኝ፣ ጥድ በግራ፣ መሐሉ ነጭ። አንዷ ስትወርድ ሌላዋ ቆማ ታያታለች፤ ከዚያ ተራ እንለዋወጣለን። ቁልቁለቱ ለስላሳ ስለሆነ ደስታው አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጭንቅላቴ ውስጥ "ይነሣ ይሆን" የሚል ነገር ስላልነበረ ሙሉ ለሙሉ እዚያ ነበርኩ። ታች ደርሰን ቆዳውን መልሰን ለጠፍንና እንደገና ወጣን። ሰዓቱ ሲደርስ፣ በረዶው ገና ሳይነካ ተርፎ እያለ፣ ወደ መኪና።

8 ሰዓት ሳይሞላ ቤት ገባሁ። እማዬ ወረቀቱን ከማቀዝቀዣው ላይ አነሣች፤ ምንም አላለችም፣ ምሳ አቀረበች። ባለቤቴ ጥዋቱን ሙሉ ሚጣን ይዞ ስለዋለ ጃኬቱን አንሥቶ ብቻውን ሊዘዋወር ወጣ። እኔ ተራራ የምሄደው ሌላ ሰው ቤት ስለሚውል ነው። ቤት የዋለው ሰው ሰዓት ደግሞ ከኔ ሰዓት እኩል ይቆጠራል። ይህ የቤታችን ሕግ ነው።

እሑድ የሚጣ ናት።

አንዳንድ ወላጆች ሕፃን ጀርባቸው ላይ አዝለው በስኪ ሲወርዱ አይቻለሁ። እኔ አላደርገውም። የሚወጣው ሰው ይሞቀዋል፤ የታዘለው ልጅ ግን አይንቀሳቀስምና ይበርደዋል፣ ደግሞ መናገር አይችልም። የሕፃን ገላ ከክብደቱ አንጻር ሰፊ ስለሆነ ሙቀቱን ከእኛ ፈጥኖ ያጣል። እናት ብትወድቅ ልጅም አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ ሚጣን ተራራ አናት ላይ አናወጣም፤ በረዶውን ለእሷ በሚሆን ሜዳ ላይ ፈልገን እንሄዳለን። ፍሬዘር ሸለቆ ውስጥ እንዲህ ያለ ሜዳ ሞልቷል።

ሚጣን ማልበስ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። ከሥር የሱፍ፣ ከላዩ የሚያሞቅ፣ ከዚያ ነፋስ የማያስገባው ቱታ። ጓንት አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። መነጽርም አላት፤ በረዶ የፀሐይን ጨረር እስከ 80 በመቶ ድረስ መልሶ ይልካልና የልጅ ዓይን በከፍታ ላይ በጣም ይጎዳል። መነጽሩን ስታወልቅ አባቷ የራሱን አድርጎ ያሳያታል፤ እንደ አባቷ ልትሆን ብላ ታደርጋለች።

መኪናው ከቆመበት እስከ ሜዳው መግቢያ አንድ መቶ እርምጃ አይሞላም። እዚያ ለመድረስ ጊዜው ሄደ። ሚጣ ቆማ በረዶ ቀመሰች። "በዶ!" አለች። የአጥሩን እንጨት አንድ በአንድ ነካች። የጥንቸል ዱካ አይታ ከሥሩ ጥንቸሉ ያለ ይመስል በጓንቷ መቆፈር ጀመረች። አጠገቧ ተንበረከክሁና አብሬያት ቆፈርኩ። ታችኛው ሽፋን ላይ ደረስን፤ ሻካራ፣ የሚያብለጨልጭ፣ በእጅ ሲጨብጡት የማይያያዝ። ትናንት ተራራው ላይ "ዉፍ" ያለው ያው ነው። ሚጣ ዘግና በተነችው፤ ዘግና በተነችው። ትናንት ከጠንከር ያለው ቁልቁለት ያስቀረኝ ነገር ዛሬ ለልጄ መጫወቻ ሆነ። እጇን እየተመለከትኩ እኔም የቅንጣቱን መልክ ከዚህ በፊት አይቼው በማላውቀው እርጋታ አየሁት።

ከዚያ አባቷ ትንንሾቹን የፕላስቲክ ስኪዎች ከቦት ጫማዋ ላይ በማሰሪያ አሰረላት። በዚህ ዕድሜ ስኪ ማስተማር አይባልም፤ እግር ሥር አንድ የሚንሸራተት ነገር መኖሩን ማወቅ በቂ ነው። እኔ ከፊት ተንበርክኬ እጄን ዘረጋሁ፣ እሱ ከኋላ ብብቷን ያዘ። ለቀቅ አደረጋት። ሁለት ክንድ ያህል ተንሸራተተች፣ ቆመች፣ ዙሪያዋን ተመለከተች። እማዬ ከዳር ሆና እልልታዋን አቀለጠችው! በስኪ የሚሄዱ ሁለት እንግዶች መንገድ ላይ ቆመው አጨበጨቡ። ሚጣ ራሷም አጨበጨበችና በዚያው ወደቀች፤ ታለቅሳለች ብለን ስንጠብቅ፣ "ደመም!" አለች፤ ደግሞ ማለቷ ነው።

ደግመን ደጋገምነው። በየመካከሉ ጣቴን ከአንገትጌዋ ሥር አስገብቼ ማጅራቷን እዳብሳለሁ፤ ልጅ በርዶት እንደሆነ የሚናገረው ማጅራቱ እንጂ እጁ አይደለም። ጉንጯንም አያለሁ፤ ነጭ ነጥብ ከታየ ወዲያው ቤት መግባት ነው። ማጅራቷ ሞቃት ነበር። ስሜቷ ግን ቀድሞ ደከመ፤ ጓንቷን ወርውራ ጀርባዋን ለሁላችን ሰጠች። ገባን። አጥሚት ጠጥታ አያቷ ጭን ላይ ተኛች።

እንቅልፏ እንዳለቀ ዕቃችንን ጭነን ተነሣን። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከተራራው ወደ ዴንቨር የሚወርደው አይ-70 መንገድ መኪና በመኪና ላይ ስለሚሆን ቀደም ማለት ያስፈልጋል። ቢሆንም በመኪናው ሰልፍ ጥቂት ቆምን። ሚጣ በመስኮቱ በኩል ነጩን ሁሉ በጣቷ እየጠቆመች "በዶ፣ በዶ" ስትል ወረደች።

አውሮራ ስንገባ ቆዳዎቹን ከሙቀት ማውጫው ራቅ አድርጌ ሰቀልኳቸው፤ ሙጫቸው ሙቀት አይወድም። ባለቤቴ ወዲያው የሚቀጥለውን ቅዳሜ አየሩን መመልከት ጀመረ፤ ተራው የሱ ነው። ሎቭላንድ በር በኩል አስቧል።

"ከማን ጋር ነህ?" አለችው እማዬ ከወጥ ቤት።

"እማማ፣ ገና አልጨረስኩም፤ ሁለት ሰው ጠይቄአለሁ፣ እስከ ረቡዕ ያሳውቁኛል።"

"ካላሳወቁህስ?"

"ካላሳወቁኝማ እዚሁ ነኝ፤ ከሚጣ ጋር መናፈሻ እንወርዳለን።"

"እንዲያ በል። ነፋሱንም ከወዲሁ እየተከታተልክ ንገረኝ" አለችና ወረቀቱን ገልብጣ፣ ባዶ ገጹን ወደ ላይ አድርጋ፣ ማቀዝቀዣችን ላይ ለጠፈችው።